ተከታይሽ በዝቶ ተመልካችሽ ለምን አነሰ?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂዋ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ እህት ናት። ያለችውን አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ከስድስት ዓመት በፊት ፔጄ 4 ሺህ ተከታይ ነበረው። አንድ የጋቢ ፎቶ ስለጥፍ 2 ሺህ ሰው ያየዋል፣ ስልኬ እስከ ማታ አያርፍም። ዛሬ ተከታዮቼ 38 ሺህ ደርሰዋል፤ የትናንቱን ፖስት ግን 500 ሰው አላየውም። ቡስት ካላደረግሽ፣ ማለትም ለአፑ ከፍለሽ ካላስተዋወቅሽ፣ አይታይም ይሉኛል። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ ሆን ብለው ነው? ሰው እየበዛ ነገሩ እንዴት ይበላሻል?»

እህት አለም፣ አብሽሪ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ፎቶሽ አልከፋም፣ ጋቢሽም አልተጠላም። እኔ በዚህ ሥራ ላይ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ሶፍትዌር እሠራ ነበር፤ አሁን ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ነጋዴዎች ፔጅ እከፍታለሁ፣ ማስታወቂያ እሠራለሁ። ያንቺን ጥያቄ ከልብስ ሰፊም፣ ከማር ነጋዴም፣ ላሊበላ ካለ አስጎብኚም ሰምቼዋለሁ። ፔጅሽ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ አልጠቅስም፤ ስሙን ብትቀይሪው ታሪኩ አይለወጥም። ኩባንያ በስም የማነሳው በአደባባይ የሚታወቀውን ስናገር ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጆቹ ነው፤ የእኛን ስጠቀም እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ ፔጁን እንደ ሱቅ፣ አፑን እንደ ገበያ ነው የምናየው። ገበያ ግን አይደለም። ባቲ ሰኞ ገበያ ብትወጪ ከአፋር ግመሉን እየነዳ የመጣውም፣ ከደጋ እህሉን ጭኖ የወረደውም ፊት ለፊት ይተያያሉ። ዕቃሽን ዘርግተሽ ቁጭ ካልሽ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያይሻል። ደላላ አለ፤ ካልፈለግሽው ግን ዞር ብለሽ ከገዢው ጋር ራስሽ ትነጋገሪያለሽ። አፑ ላይ ይህ የለም። አፑ ራሱ ደላላ ነው፤ ያውም ገዢን አንድ ክፍል ሻጭን ሌላ ክፍል አስገብቶ በሩ ላይ የቆመ ደላላ። ገዢዋ ያንቺን ጋቢ የምታየው እሱ ካሳያት ነው። አንቺም ገዢዋ መኖሯን የምታውቂው እሱ ከነገረሽ ነው። 38 ሺህ ተከታይ አለኝ ስትዪ፣ እውነቱን ለመናገር፣ 38 ሺህ ሰው የሚያውቅ ደላላ አለኝ ማለትሽ ነው።

ይህን ከያዝሽ ሌላው ይቀላል።

ታዲያ ያኔ ለምን ጥሩ ሆነ? ደላላው ሰው ስላልነበረው ነው። ሻጭ የሌለበት ቦታ ገዢ አይመጣም፣ ገዢ በሌለበትም ሻጭ አይቀመጥም። ሁለቱንም መለማመጥ ነበረበት። ተጠቃሚው በነጻ ገብቶ የወዳጆቹን ፎቶ ያያል፤ ነጋዴውም በነጻ ለጥፎ ተከታዮቹ ጋ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ግን ወጪ አለው። ሰርቨሩ መብራት ይበላል፣ ኢንጅነሩ ደመወዝ ይፈልጋል። ወጪውን የቻሉት ባለሀብቶች ናቸው። ታክሲ በስልክ የሚጠራበትን የአሜሪካ አፕ፣ ኡበርን ውሰጂ። በ2009 ተመሥርቶ በሥራው ዓመታዊ ትርፍ ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2023 ነው። እስከዚያ ተሳፋሪው በርካሽ ሲሄድ የጎደለውን የሞላለት፣ አይቶት የማያውቀው ባለሀብት ነበር። ያንቺም 2 ሺህ ተመልካች እንዲሁ ነው፤ ሌላ ሰው ከፍሎልሻል።

ባለሀብቱ ይህን ያህል ለምን ታገሠ? አንዱ ምክንያት ወለድ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከ2008 መጨረሻ እስከ 2015 መጨረሻ ወለዱን ዜሮ አካባቢ አስቀምጦት ነበር፤ በ2020 ኮሮና ሲመጣም መልሶ ወደዚያው አወረደው። ባንክ የተቀመጠ ዶላር ምንም አያፈራም ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ዛሬ ባያተርፍም ነገ ዓለሙን ይይዛል ወደተባለ ኩባንያ ሁሉ ጎረፈ። በ2022 ወለዱ መውጣት ጀመረ፣ በ2023 አጋማሽ ከ5 በመቶ አለፈ። እስቲ ልብ በይ። ፊልም የሚያሳየው ኔትፍሊክስ ማስታወቂያ ያለበትን ጥቅል ያመጣው፣ ሬዲት የተባለው የውይይት መድረክ በሌሎች ሰዎች የተሠሩ አፖችን ከባድ ክፍያ የጠየቀው፣ ፌስቡክና ኢንስታግራም ሰማያዊዋን ምልክት በወር ክፍያ መሸጥ የጀመሩት፣ ሁሉም በ2022 እና በ2023 ውስጥ ነው። ተማክረው አይመስለኝም። የገንዘብ ሰጪዎቹ ፊት በአንድ ጊዜ ስለተለወጠ ነው።

ወለዱ ባይወጣም ግን ነገሩ ይዘገይ ነበር እንጂ አይቀርም። ዋናው የአክሲዮን ገበያው ነው። ፌስቡክ ሜይ 18 ቀን 2012 አንዱን አክሲዮን በ38 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። አክሲዮን የሚገዛ ሰው የነገው ትርፍ ከዛሬው ይበልጣል የሚለውን ተስፋም አብሮ ነው የሚገዛው። ፒያሳ ሻይ ቤት ያለው ሰው ዘንድሮም እንዳምናው ካተረፈ ተመስገን ብሎ ልጆቹን ያሳድጋል። አክሲዮን ገበያ ላይ ላለ ኩባንያ እንዳምናው ማትረፍ ውድቀት ነው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2021 የመጨረሻ ሦስት ወራት ብቻ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተጣራ ትርፍ አገኘ። ይህን በፌብሩዋሪ 2022 ሲያሳውቅ ግን የፌስቡክ የዕለት ተጠቃሚ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቂቱ መቀነሱንና መጪው ሩብ ዓመት እንደተጠበቀው እንደማይሆን አብሮ ተናገረ። በማግሥቱ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 26 በመቶ ወደቀ። አሥር ቢሊዮን አትርፎ ተቀጣ። እዚያ የሚሠራ ኃላፊ ከዚህ ምን እንደሚማር አስቢው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ደላላው ማደግ አለበት ብለናል። መጀመሪያ አዲስ ሰው እያስገባ ያድጋል። ሰው ግን ያልቃል። ፌስቡክ በ2023 በወር ከ3 ቢሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው፤ ከዚህ በኋላ ከየት ይምጣ? ቀኑም 24 ሰዓት ነው፤ ሰው ይሠራል፣ ይሰግዳል፣ ይጸልያል፣ ይተኛል። ስለዚህ ዕድገቱ የሚመጣው ቀድሞ ከገባው ሰው ነው። ካንቺና ከገዢሽ።

በ2012 ፌስቡክ ራሱ እንደተናገረው አንድ ፔጅ የሚለጥፈው ነገር በአማካይ ለተከታዮቹ 16 በመቶ ያህል ይደርስ ነበር። ያኔም ብዙ ነጋዴ ተቆጥቷል። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ ከፔጆች ይልቅ የወዳጅና የቤተሰብ ፖስት እንደሚያስቀድም አስታወቀ። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ወዳጅም ቦታውን አላገኘም። ሜታ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረበበት ክስ ላይ በ2025 እንደታየው፣ አሜሪካውያን ፌስቡክ ላይ ከሚያሳልፉት ጊዜ የወዳጆቻቸውን ነገር የሚያዩበት 17 በመቶው ብቻ ነው። ኢንስታግራም ላይ 7 በመቶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ከማያውቁት ሰው የመጣ፣ አልጎሪዝሙ፣ ማለትም ለማን ምን እንደሚታይ የሚወስነው የአፑ ፕሮግራም፣ የመረጠላቸው ቪዲዮ ነው። አንቺና ገዢሽ ብቻ አይደላችሁም የተጠፋፋችሁት፤ ወዳጅና ወዳጅም ተጠፋፍቷል።

ሜታ በ2024 ካስገባው 164 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከ160 ቢሊዮን የሚበልጠው ከማስታወቂያ የመጣ ነው። ይህን ቁጥር ይዘሽ ራስሽን በሱ ቦታ አስቀምጪው። የጋቢሽን ፎቶ ለ38 ሺህ ሰው በነጻ ቢያደርስልሽ ቡስት ለምን ትገዣለሽ? በነጻ የምታገኚው እይታ ሁሉ ለሱ መደርደሪያ ላይ ያለ፣ ያልተሸጠ ዕቃ ነው።

ቡስት ራሱ ዋጋው የተቆረጠ አይደለም። ጨረታ ነው። ገዢሽ ስልኳን ከፍታ ጣቷን ወደ ላይ በገፋች ቁጥር፣ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ማን ይታይ የሚል ጨረታ ይካሄዳል። የምትጫረቺው ከጎረቤትሽ የጋቢ ነጋዴ ጋር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ አፓርታማ ከሚሸጠው ጋር፣ ከስፖርት ውርርዱ ጋር፣ ከውበት ቅባቱ ጋር ነው። ሁሉም ቡስት ሲያደርግ ዋጋው ይወጣል፣ ያላደረገው ጭራሽ ይጠፋል። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ፤ ክፍያው በዶላር ነው። የዶላር ካርድ ስለሌለሽ በብር ተቀብሎ ቡስት የሚያደርግልሽ ልጅ ትፈልጊያለሽ፣ እሱም የድካሙን ይጨምርበታል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ኩባንያው አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር ያንቺ ቡስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጋቢሽን ግን በእጥፍ የሚገዛሽ አልተገኘም።

አሁን «ሆን ብለው ነው ወይ?» ወደሚለው ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያየሁት ነገር ስለሆነ።

ብዙ ሰው ሆን ብለው ነው ሲል፣ አንድ ክፍል ተሰብስበው ሕዝቡን እናማርር ብለው የሚማከሩ ሰዎች ይታዩታል። እኔ ያየሁት እንዲህ አይደለም። የሠራሁበት ቦታ ትንሽ ነው፣ ስሙን አልጠራውም፤ አዲስ አበባ የነበረ የመገበያያ አፕ ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን አንድ ቁጥር ይታያል፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰው አፑን ከፈተ የሚል። ከፍ ካለ ቀኑ ሰላም ነው። ከወረደ የሁላችንም ፊት ይጠቁራል። አንድ ሰኞ ወረደ። እኔ ነኝ «በቀን አንድ የነበረውን ኖቲፊኬሽን ሁለት እናድርገው፣ መጀመሪያ በአሥር በመቶው ላይ እንሞክረው» ያልኩት። ሞከርነው። አፑን የሚከፍተው ሰው ጨመረ። ከስልኩ ላይ የሚያጠፋው ሰውስ? ከበፊቱ ብዙም አልተለየም። ስለዚህ ለሁሉም ለቀቅነው። በወሩ ሦስት አደረግነው። አሁንም ቁጥሩ ጥሩ ሆነ። ቀጥሎ ኖቲፊኬሽኑን የተጫነ ሰው ወደሚፈልገው ዕቃ ከመድረሱ በፊት አንድ ማስታወቂያ እንዲያይ አደረግን፣ እሱም ሙከራውን አለፈ። ዓመት ሳይሞላ እናቴ ከደሴ ደወለችልኝ። «ይሄን ስልኬ ላይ ሌት ተቀን የሚጮኸውን ነገር ስትመጣ አጥፋልኝ፣ ሶላት ላይ ሆኜ እንኳ አይተወኝም» አለችኝ። የኔ ሥራ መሆኑን አታውቅም። እስከ ዛሬ ነግሬያት አላውቅም፤ ሳስበው ያመኛል።

ያንን ሙከራ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሙከራው የሚለካው ሁለት ሳምንት ነው። ሰው ተማሮ እስኪወጣ ግን ሁለት ዓመት ይፈጃል። የተገኘው ጥቅም የዚህ ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ይገባል፤ ጉዳቱን ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣ ሌላ ሰው ይወርሰዋል። «ይሄ እኮ ሰው ያማርራል» የሚል ልጅ በመካከላችን ነበር። ልክ ነበር። ግን በእጁ ቁጥር አልነበረውም፣ እኔ ግን ነበረኝ። እንዲህ ነው የሚበላሸው፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፤ እያንዳንዷ እርምጃ ለብቻዋ ስትታይ ጉዳት የላትም። ይህ በትንሿ አፕ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ኢንጅነሮች፣ በየቀኑ፣ በቢሊዮን ሰው ላይ ሲሞክሩት ምን እንደሚሆን ያንቺ 500 ተመልካች ይናገራል።

ዳቦ ቤት ለምን እንዲህ አያደርግም? ያደርጋል እንጂ፤ ዱቄት በተወደደ ቁጥር ዳቦው ሲያንስ አይተናል። ግን አንዱ ዳቦ ቤት ለብቻው ካሳነሰ መንገድ ተሻግረሽ ከሌላው ትገዣለሽ፣ እሱም ማታ ላይ በተረፈው ዳቦ ያውቀዋል። ከዚህ ደላላ መውጣት እንዲህ አይቀልም። ስድስት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመው «ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥሽ» የሚለው ኮሜንት፣ አይታሽ የማታውቅ ገዢ አምና ገንዘብ እንድትልክልሽ የሚያደርገው ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ገዢዋም ብትሆን እህቷም የሰፈሯ ልጆችም እዚያ ናቸው። ከእድር ብቻሽን ብትወጪ አዲስ እድር አይሆንልሽም። ሁሉም ሌላው እስኪነሳ ይጠብቃል፤ ማንም አይነሳም። ደላላው ይህን ያውቃል፤ ምን ያህል እንደምንችለውም በየሙከራው ይለካዋል።

ደግሞ የቴክኖሎጂ ግዴታ ነው እንዳትዪኝ። ሳፋሪኮም በ2022 ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ሲጀምር የሁለቱ ኔትወርኮች መስመር እንዲገናኝ ተደርጓል። የሳፋሪኮም ሲም ይዘሽ የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ላይ ትደውያለሽ። ባይገናኙ ኖሮ እናትሽ ያለችበትን መስመር ትተሽ የትም አትሄጂም ነበር። ኢሜይልም ከጂሜይል ወደ ያሁ ይደርሳል። ፔጅሽን ከነተከታዮችሽ ይዘሽ ሌላ አፕ ላይ መሄድ ያልቻልሽው እንዲህ ይሁን ተብሎ በሰው ስለተወሰነ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በማርች 2024 ተፈጻሚ ባደረገው የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ዋትስአፕና ሜሴንጀር ለሌሎች የመልእክት አፖች በር እንዲከፍቱ አስገድዷል። ሕጉ እኛ ጋ አይሠራም፣ ግን ሕግ ሲኖር በሩ እንደሚከፈት አሳይቷል። የእኛ አገር የንግድ ውድድር ሰዎች ይህን ነገር ቢያጠኑት ደስ ይለኛል። የኔ ልመና ነው።

ተፎካካሪ መጥቶ ነበር። ፌስቡክ በ2012 ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፣ በ2014 ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ በ2008 በጻፈውና ኋላ ክስ ላይ በወጣው ኢሜይል ከመፎካከር መግዛት ይሻላል የሚል ሐሳብ አለ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2020 ኩባንያውን ከሰሰው። በኖቬምበር 2025 ዳኛው ሜታ ዛሬ ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ጋር ስለሚወዳደር ሞኖፖሊ፣ ማለትም ገበያውን ብቻውን የያዘ፣ መሆኑ አልተረጋገጠም ብለው ፈረዱለት። እኔን ያሳሰበኝ ግን የውድድሩ ዓይነት ነው። የሚወዳደሩት ማን ብዙ ሰዓት ያስቀምጠናል በሚለው ነው እንጂ ማን ገዢን ከሻጭ ያገናኛል በሚለው አይደለም። ቲክቶክ ሲመጣ ሌሎቹም አጭር ቪዲዮ አበዙ። ውድድር መጣ፣ ያንቺ ጋቢ ይባስ ወደ ታች ወረደ።

የጎግል ነገር ደግሞ ያሳዝነኛል። ሁለቱ መሥራቾች በ1998፣ ገና ተማሪ ሳሉ፣ በማስታወቂያ የሚተዳደር የፍለጋ ሞተር ወደ ከፋዩ እንደሚያደላና ከፈላጊው ጥቅም እንደሚርቅ በጥናታቸው ላይ ጽፈው ነበር። በ2000 ራሳቸው ማስታወቂያ መሸጫውን ከፈቱ። በኦገስት 2024 አንድ የፌዴራል ዳኛ ጎግል የፍለጋ ሞኖፖሊውን በሕገወጥ መንገድ ጠብቋል ብለው ፈረዱ፤ በዚያው ክስ ላይ አይፎን ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው መፈለጊያ እሱ እንዲሆን በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ ታወቀ። እነዚህ ሰዎች ችግሩን ከማንም በፊት ያውቁት ነበር። ስለዚህ መሥራቹ ጥሩ ሰው ነው፣ ሐሳቡ ንጹሕ ነው ሲሉኝ አልጽናናም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ገዢዎችሽን ስለሚነካ። ሮይተርስ በ2025 መጨረሻ የሜታን የውስጥ ሰነዶች አይቶ እንደዘገበው፣ ኩባንያው ራሱ ከ2024 ገቢው 10 በመቶ ያህሉ ከማጭበርበሪያና ከተከለከሉ ዕቃዎች ማስታወቂያ እንደሚመጣ ገምቶ ነበር። ኩባንያው ግምቱ ሻካራና ከልክ በላይ የሰፋ ነው ብሎ መልሷል። ቁጥሩ ቢያንስም ቢበዛም፣ ፎቶ አይታ ገንዘብ ልካ ሻሽ የሚያህል ነገር የደረሳት ሴት ካንቺም አትገዛም። ያጭበረበራት ሌላ፣ የከሰርሽው አንቺ።

«ይሄ ካፒታሊዝም ነው ወይስ የሰው ስግብግብነት?» የሚለኝ አይጠፋም። ስግብግብነት ድሮም ነበር። ማትረፍም ነውር አይደለም፤ አንቺም አትርፈሽ ነው ልጆችሽን የምታበዪው። የሚያበላሸው፣ ትርፉ በየሩብ ዓመቱ ካላደገ የሚቆጣ ባለቤትና መውጫ ያጣ ደንበኛ አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ፣ በመካከላቸው ገብቶ በቃ የሚል ሕግ ሳይኖር ሲቀር ነው። ውክፔዲያን እዪው። ከ2001 ጀምሮ አለ፣ በአማርኛም አለ። የሚተዳደረው በመዋጮ ነው፣ ባለአክሲዮን የለውም። ጉድለት ሞልቶታል፣ ግን አንድ ጽሑፍ ለማንበብ ስትከፍቺው ዛሬም መሀል ላይ የጫማ ማስታወቂያ አይዘልልሽም። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ከሌሎቹ የተለዩ መላእክት አይመስሉኝም። የሚጠየቁት ጥያቄ ነው የተለየው።

ብዙ የደሴ ነጋዴ አሁን ወደ ቴሌግራም እየሄደ ነው። ሂጂ፤ ቻናል ላይ የለጠፍሽው ለተመዘገበው ሁሉ ስለሚገባ ዛሬ ላይ በጣም ይሻላል። ግን ታሪኩን እያወቅሽ ሂጂ። በ2013 ሲጀምር በመሥራቹ ገንዘብ ነበር የሚኖረው። በ2021 ቦንድ ሸጦ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደረ፣ በዚያው ዓመት ትልልቅ ቻናሎች ላይ ማስታወቂያ ገባ፣ በ2022 የሚከፈልበት ፕሪሚየም መጣ። አበዳሪ ያለው ቤት ሆኗል። ሌላ ደላላ ነው፣ ገና የሚለማመጥሽ።

የኔ ምክር አጭር ነው፤ ያገኘሁትም ከአንዲት ኮምቦልቻ ካለች ቅቤ ነጋዴ ነው። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እኔ የማውቃቸው የኦንላይን ሻጮች አብዛኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እሷ ግን ሸጠች። ደብተር ነበራት። ሽፋኑ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ጠርዙ በቅቤ የወዛ ደብተር። በየመስመሩ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ ከዚያ ደግሞ ለራሷ የጻፈችው ነገር፦ «ለጋ ትወዳለች»፣ «ለአራስ ወሰደች»፣ «በአባትየው በኩል ነው የሚከፈለው»። ስትደውል ስለ ቅቤ አትጀምርም፤ አራሷ እንዴት ሆነች ብላ ነው የምትጀምረው። አዲስ አበባ ላሉት በመኪና ትልካለች፣ እነሱም ለጎረቤት ያወራሉ።

ስለዚህ ቡስት የምታደርጊበት 3 ሺህ ብር ካለሽ ላይክ ለማብዛት አታውጪው። ሰው እንዲደውል አውጪው፤ ስልክ ቁጥርሽ ፎቶው ላይ ራሱ ይጻፍ፣ ዋጋውም እዚያው ይጻፍ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ተዪው፤ ደላላውን ነው የሚጠቅመው፣ ገዢዋንም ያሰለቻል። ከፔጅሽ ላይ የመረጃሽን ቅጂ አውርደሽ ፎቶዎችሽንና ኮሜንቶቹን ሌላ ቦታ አስቀምጪ። በምትልኪው ጋቢ ሁሉ ውስጥ ቁጥርሽ ያለባት ትንሽ ካርድ አጣጥፈሽ ክተቺ። ደብተሩን ደግሞ ዛሬ ማታ ጀምሪው። ኢንቦክስሽን ወደ ኋላ ግለጪ፤ አድራሻ የላኩልሽ ሰዎች ስልካቸውን አብረው ጽፈውልሻል፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀምጦልሻል። አምናና ካቻምና ጋቢ የወሰዱትን መጀመሪያ ጻፊያቸው፣ የጥቅምት ብርድ ሳይገባ እንድትደውዪላቸው።